የሼህ ሽኩር ረጅም ሱጁድ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሻችሁ «የኛ ናት» ብላችሁ ልትከራከሩኝ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለክርክር ጊዜ የለኝም። ያረጀች ከተማ ነበረች ብላችሁ ያዙልኝ፤ አንድ መስጂድ፣ አንድ ገበያና ዱዓ የሚወድ ሕዝብ ነበራት። የመስጂዷ ኢማም ሼህ ሽኩር ይባላሉ። ዒልማቸው፣ ማለትም የሃይማኖት እውቀታቸው ጥልቅ፣ ምላሳቸው እውነተኛ፣ ልባቸው ለስላሳ ነበር። ሆዳቸው ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሳቸው ቀድሞ መስጂድ ይገባ ነበር።

ይህ ሆድ እንዲሁ አልመጣም። ልጅ ቢወለድ ሼህ ሽኩር፣ ኒካህ ቢታሰር ሼህ ሽኩር፣ ላም ብትጠፋም ሼህ ሽኩር ናቸው የሚጠሩት። ዱዓ አድርገው ሊነሱ ሲሉ የቤቱ እመቤት ቅቤ የተኛበትን ገንፎ ታቀርብና «ሼሃችን ካልቀመሱልኝ ዱዓው የደረሰ አይመስለኝም» ትላለች። ሰው ማስቀየም አይሆንላቸውም፤ ይበላሉ። ከዚያ በበቅሎ ሌላ ቤት ይሄዳሉ፤ እዚያም ይበላሉ። ማታ ሲገቡ ባለቤታቸው ዙበይዳ ራት ሠርታ ትጠብቃለች። እሷንማ እንዴት ያስቀይማሉ?

ነገሩ የከፋው ሰላት ላይ ነው። ግንባራቸውን መሬት ሊያስነኩ ሱጁድ ሲወርዱ ሆድ ራሱ ያግዛቸዋል፤ ጭንቁ መነሳቱ ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ይላል፣ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከኋላ የሚሰግደው ጀመዓ ያንን ትንፋሽ ይሰማና ከሰላት ሲወጣ «ማሻአላህ፣ ዛሬም ሲያለቅሱ ነበር» ይባባላል። በዚህ የተነሳ ዝናቸው ወጣ። መጨረሻው ሰልፍ ላይ የሚሰግዱት አባባ ሙዘይን ግን ያ ረጅም ሱጁድ ጉልበታቸውን ጨረሰው። አንዳንዴም እዚያው እንደተደፉ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ሲያንኮራፉ ይሰማሉ። ሰዉ እሱንም እንደ ኹሹዕ፣ እንደ ልብ ተመስጦ ቆጠረላቸው።

አንድ ቀን ሼህ ነስሩ የሚባሉ ዓሊም ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከሩቅ ከተማ መጡ። ከሰላት በኋላ ጀመዓው ሁሉ እየሰማ «ያ ሼህ፣ ሱጁድ ላይ ያን ያህል የሚያቆይዎ ምን ዓይነት ዚክር ነው? በአላህ ይሁንብዎ ያስተምሩን» አሉ።

ቀላል መውጫ ነበራቸው። «የኔና የጌታዬ ሚስጥር ነው» ብለው ዝም ቢሉ ማንም አይነዘንዛቸውም። ሼህ ሽኩር ግን ያልደከሙበትን ምስጋና መብላት ከገንፎው ሁሉ ይልቅ ከበዳቸው።

«ወንድሜ፣ ዚክር አይደለም» አሉ። «ሆዴ ነው። ከወረድኩ በኋላ መነሳት ያቅተኛል።»

የሼህ ነስሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ ደረሶቻቸው ዞረው «አያችሁ ተዋዱዕን፣ ትሕትናን? አላህ የሰጣቸውን ከራማ በሆድ ሸፈኑት እኮ» አሉና ጎንበስ ብለው የሼሁን ጉልበት ሳሙ። ደረሶቹም ተራ በተራ ሳሙ።

«ሆዴ ነው እያልኳችሁ» አሉ ሼህ ሽኩር፣ ሆዳቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። በተናገሩ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ አለቀሰ።

ቤታቸው ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ዙበይዳ፣ እውነት ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ» አሏት። «እንዲህ እንደተሞገስኩ ብሞት የሰው ምስጋና ሰርቄ አላህ ፊት መቆሜ ነው። ይህ ሆድ ካልጎደለ ደግሞ ማንም አያምነኝም።»

«ታዲያ ይጉደላ» አለች ዙበይዳ።

በማግስቱ ጾም ጀመሩ፤ በየቀኑ፣ ያለ እረፍት። ቀን ሆዳቸውን ይቀጡታል፤ መግሪብ ሲደርስ ሆድ ሆዬ ቂሙን ይወጣል። ገንፎው ያልቃል፣ ለነገ የተባለው ወጥ ያልቃል፣ ለጎረቤት የተቀመጠው ቂጣም አይተርፍም። ወሩ ሲያልቅ በቅሎዋ እሳቸውን ስታይ ወደ ኋላዋ መሸሽ ጀመረች። ዙበይዳ ሳቋን ይዛ «ሼሃችን፣ ይሄ ጾም ነው ወይስ ለራት መዘጋጀት?» ብትላቸው ተቆጡ። ተቆጥተውም በሉ።

አንድ ቀን ታዲያ መስጂድ ውስጥ ለደረሶች ሲያስተምሩ፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነው የሚለው ሐዲስ ላይ ደረሱ። ማብራራት ጀመሩና መሃል ላይ ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር ገና ያን ቀን ሰሙት። ኪታቡን አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በእግራቸው። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋ የተሸከመችው እህል ብቻ ነው፤ እሷም ምሕረት ወረደላት።

ያደረጉት ነገር ትንሽ ስለሆነ ለወሬም አይመችም። ጎድጓዳውን ሳህን ትተው በዙበይዳ ትንሽ ሳህን መብላት ያዙ። ጎመንና ባቄላው በዛ፣ ቅቤው አነሰ። ሆዳቸው ውስጥ ገና ትንሽ ቦታ እያለ እጃቸውን ይታጠባሉ። ዱዓ ቤት ሲጠሩም አንድ ሁለቴ ይጎርሱና «የቀረውን ለጎረቤትሽ ውሰጂላት፤ ዱዓው እዚያም ይድረስ» ይላሉ። እመቤቶቹ መጀመሪያ አኮረፉ፤ ጎረቤቶቹ ግን ሼሁን በየሄዱበት መመረቅ ጀመሩ። በዒድ ቀን እንደ ሰው ይበላሉ፤ በማግስቱ ሳይቆጩ ወደ ትንሿ ሳህን ይመለሳሉ።

ሆዱ ቀስ እያለ ጎደለ፤ ሱጁዱም አጠረ። ከተማው ደስ ያለው መሰላችሁ? የት አባቱ። «ኢማናቸው ቀነሰ» ተባለ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤታቸው መጡ።

«ሼሃችን፣ ለመውሊድ እነ ሼህ ነስሩ ይመጣሉ» አሏቸው። «ወይ ሱጁዱን እንደ ድሮው ያርጉልን፣ ወይ ኢማምነቱን ለሌላ ሰው ይልቀቁ። እንግዳ ፊት ልናፍር ነው።»

«መውሊድ ይድረስ» አሉ ሼህ ሽኩር።

መውሊድ ደረሰ። ሼህ ሽኩር አሰገዱ፤ ወረዱ፣ ተነሱ፣ ጨረሱ። ሼህ ነስሩ ግራ ገብቷቸው ያያሉ፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሼህ ሽኩር ተነሥተው ያዘጋጁትን የድሮ ጀለቢያቸውን ለበሱና ሙአዚኑን፣ ቀጭኑን ዓሊዬን «ና፣ ግባ» አሉት። ዓሊዬ እያፈረ ከታች ሾልኮ ገባ። ጨርቁ ሁለቱንም ቻለ።

«ያኔ ሱጁድ ላይ ያቆየኝ ይሄ ነው» አሉ፣ ዓሊዬን በጀለቢያው ላይ መታ መታ እያደረጉ። «ነግሬያችሁም ነበር።»

ሼህ ነስሩ የሳሙት ጉልበት ትዝ አላቸውና ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ከመጨረሻው ሰልፍ አባባ ሙዘይን «አልሐምዱሊላህ፣ የኔም ጉልበት ተረፈ» ሲሉ መስጂዱ በሳቅ ተናጋ። የኢማምነቱን ነገር ዳግም ያነሳ የለም።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ሼህ ሽኩር ጥግ ይዘው ለብቻቸው ሱና፣ የውዴታውን ሰላት መስገድ ጀመሩ። ሱጁድ ወረዱ፤ ቆዩ። በጣም ቆዩ። በር ሊዘጋ የቀረው ዓሊዬ «ያ ነገር ተመለሰባቸው» ብሎ ደንግጦ ሮጠና እጁን በብብታቸው ሥር አስገባ። አልተነሱለትም። ሲበቃቸው በገዛ ጉልበታቸው ቀና አሉ፤ ሰላታቸውን ጨርሰው አሰላመቱ። ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።

«ተወኝ ዓሊዬ» አሉት። «ዛሬ ገና ወድጄ ቆየሁ።»

ወዳጆቼ፣ መነሳት ያቃተው ሕመምተኛ ዑዝር፣ በቂ ምክንያት አለው፤ አላህ ያሽረው። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን አቅቶን የተቀመጥንበትን እንደ ዒባዳ፣ እንደ አምልኮ የምናስቆጥር? ሰው ሆዱን ለመስታወት ብሎ ሊቀንስ ይነሳል፤ በሳምንቱ ይተወዋል፣ መስታወቱም አይታዘበውም። ሼህ ሽኩር የቀነሱት ግን እውነታቸው እንዲታመንላቸው ነበር፤ አላህ ደግሞ ሱጁዳቸውን መለሰላቸው። እናንተም ዛሬ ገበታ ላይ ትንሽ ቦታ እያለ እጃችሁን ታጠቡ፤ ነገም እንዲሁ አድርጉ። ያቺ ባዶ ቦታ ለማን እንደተተወች ግንባራችሁ መሬት ሲነካ ታውቁታላችሁ።