ሃያ ዓመት የታሸገው ወይን

ሰውን ከማመን ጦም ማደር ይሻላል የሚሉ ቀኛዝማች ወንድይራድ የተባሉ ባለጸጋ ነበሩ። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ያስመጡትን ቀይ ወይን ሊያስቀምሱ እንግዶች ጠሩና፣ ለወይኑ የሚስማማ የሰንጋ ታፋ እንድትሠራ ወጥ ቤታቸውን አዘዙ።

ሴትየዋ ገና ጎሕ ሲቀድ ሥጋውን በሸክላ ድስት ጥዳ፣ እንፋሎቱ እንዳይወጣ የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ መርጋ፣ ፍሙ እንዳይበዛም እንዳይጠፋም እየጠበቀች ተቀመጠች። ቀኛዝማች ግን "አንድ ሙዳ ጎርሳ ይሆን?" እያሉ በየመሀሉ ብቅ ይላሉ። ሊጡን ፈንቅለው ሙዳውን ቆጥረው ይሄዳሉ። እሷም መልሳ ትመርጋለች። ሰባት ጊዜ መረገች።

እኩለ ቀን ላይ ሥጋው ቀረበ። እንደ ጠፍር አልታኘክ አለ። ቀኛዝማች በእንግዶቻቸው ፊት አፈሩና ሴትየዋን አስጠሩ።

"ይህን ወይን የጠመቀው ፈረንጅ ስሜን እንኳ አያውቅም፤ እሱ አላሳፈረኝም። አንቺ እንጀራዬን እየበላሽ አዋረድሽኝ! በይ ምክንያትሽን ተናገሪ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ!"

ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እጅ ነሣች።

"ጌታዬ፣ ወይኑ እንዲህ እስኪጣፍጥ ስንት ዓመት ታሽጎ ቆየ?"

"ሃያ ዓመት! ያውም ማንም ሳይነካው!"

"ታድሏል" አለች። "ሃያውንም ዓመት የኖረው ጌታዬን ሳያውቅ ነው። ሥጋው ግን እስከ እኩለ ቀን እንኳ ያ ዕድል አልገጠመውም።"