አያ ጅቦ የሚዳቋ ሥር ሲፈልግ

አንድ ጊዜ መስኩ ተግጦ አልቆ፣ ሚዳቋውም ቆቁም ንቡም ጥለውት ሲሄዱ፣ አንዲት ከሲታ አህያ በገደል አፋፍ የተረፈውን የማገጥ ሣር ዘር እየለቀመች መስኩ ላይ ትዘራ ጀመር።

አያ ጅቦ ሊበላት መጣ። ግን ሥራዋ ግራ ገባውና ቆመ።

«ምንድን ነው የምትበትኚው?»

«ማገጥ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ሲያብብ ንቡ ይመጣል፣ ቆቁ ይመጣል፣ ሚዳቋውም ይመጣል።»

አያ ጅቦ አጎንብሶ ዘሩን አየው። ከጤፍ እምብዛም አይበልጥም። ሚዳቋን የሚያህል ነገር ከዚህ ውስጥ? ቀንዱስ የት ይገባል? ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ሆኖም ለአንዲት ከሲታ አህያ ብሎ መንጋ ሚዳቋ ማጣት አልፈለገምና ትቷት ሄደ።

በሐምሌ ማገጡ መሬቱን ሸፈነው። ሚዳቋ ግን የለም። አያ ጅቦ ጨነቀውና እመት ቀበሮን ጠየቃት። እሷ ደግሞ መሬት ውስጥ የተደበቁት ፍልፈሎች አምረዋት፣ መቆፈሩ ታክቷት ነበር።

«አንተ ደግሞ! ሚዳቋ እንደ ድንች ከሥር ነው የሚያፈራው። ቆፍር!»

ቆፈረ። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች ተጣብቀዋል።

«እንቁላሉ ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! ይሄኛው አልደረሰም፣ ወደዚያ ቆፍር» እያለች ከኋላው የሚወጣውን ፍልፈል ትለቅማለች።

እባጩን ቀመሰው፤ አፈር አፈር አለው።

አህያ ከሩቅ «አያ ጅቦ፣ ተው! መሬቱን የሚያበረታው እኮ ሥሩ ላይ ያለው እባጭ ነው!» ብትል ማን ሰምቷት። የመስኩን እኩሌታ ገለበጠው።

በመስከረም የተረፈው እኩሌታ በሐምራዊ አበባ ተሸፈነ። ንቡ መጣ፣ ቆቁ መጣ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚዳቋዎቹ ከጫካው ወጥተው እየተራመዱ መጡ። አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። በእግራቸው? ሊይዛቸው ተነሣ፤ በገለበጠው መሬት ላይ ግን የሚደበቅበት አንዲት ቅጠል እንኳ አልነበረችም። ከሩቅ አይተውት እልም አሉ።

«ከየት መጡ?» አላት አህያን። እሷም ማገጡን ስትበላ ሰንብታ ደንድናለችና አልሸሸችውም።

«የድሮዎቹ ናቸው። የሚበሉት ሲያጡ ሄዱ፣ ሲያገኙ ተመለሱ።»

ይህም አልገባውም። ቀበሮን ሊጠይቅ ቢሄድ፣ ሆዷን ሞልታ ከአገር ወጥታለች። ተመልሶ ባዶው መሬት መሃል ተቀመጠ፣ ራሱን አከከ፣ ከዚያም ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው ያልገባውን ነገር የደከመበትን ሰው ትቶ ብልጣብልጥን የሚጠይቅ፣ ሊያገኘው የነበረውን በገዛ እጁ እንደሚነቅል ነው።