ጣራው የእኔ፣ ግድግዳው የአንቺ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጋሪ ነጂ። አንዲት ሴትም ነበረች፤ በርበሬ ነጋዴ። በርበሬዋን ከገበያ ሲያመላልስላት ተዋደዱ። አልተጋቡም። እኛም ጎረቤቶቻቸው አፋችን ዝም አላለም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። እነሱ ግን ሳቁብንና እኩል አዋጥተው ቤት ገዙ።

አንቺስ ልጄ «ከፍቅረኛዬ ጋር ሳንጋባ አብረን ቤት ልንገዛ ነው፤ ውል እንጻፍ ብለው ቅር ይለው ይሆን?» ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? እንግዲያው ስሚኝ።

የገዙት አሮጌ የሣር ቤት ነበር። ሣሩን አወረዱና እሱ ቆርቆሮ ገዝቶ አለበሰው። እሷ ደግሞ ግድግዳውን እንደ አዲስ አስመረገች። የምርጊቱ ቀን መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ጭቃ ረገጠ። ጭድ የለበሰ እግራችንን እያየን ስንሳሳቅ ዋልን። ዛሬ ማን ለማን ጭቃ ይረግጣል?

ያን ቀን አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ብትለያዩ ቤቱ ለማን እንደሚቀር ከአሁኑ ተነጋገሩ» አሏቸው።

«አባባ፣ ገና ሳንገባበት ሊያስወጡን ነው?» አለ ጋሪ ነጂው። ሁሉም ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ።

ደግ ኑሮ ኖሩ። በርበሬዋን ግቢ ውስጥ ስታሰጣ መንደሩ በሙሉ ያስነጥሳል። እሱ ማታ ሲመጣ ገና ከጋሪው ሳይወርድ «ዛሬስ ስንቱን አስነጠስሽው?» ይላታል። ዝናብ አዲሱን ቆርቆሮ ሲመታው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ጆሮዬ ይፈልገዋል።

ከዓመታት በኋላ እሱ ወንድሞቹ ወዳሉበት ከተማ እንሂድ አለ። እሷ ደንበኞቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለች። ቤቱን እንሽጠው ቢላት እንቢ አለች፤ ድርሻውን እንዳትሰጠው ደግሞ እጇ ላይ ገንዘብ የላትም።

«እንግዲያው ጣራው የእኔ፣ ግድግዳው የአንቺ» አለ።

«ውሰደው» አለችው በእልህ።

መሰላል አስጠግቶ ወጣ። ምስማሩን እየነቀለ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አወረደ። እኔ በአጥሩ በኩል አያለሁ። እሷ ምን ስታደርግ ነበር መሰለሽ? ከታች ቆማ መሰላሉን ይዛለታለች፤ እንዳይወድቅ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ግድግዳዋን አቀለጠውና ነሐሴ ላይ ማገሩ ብቻ ቆሞ ቀረ። እሷም ሰው ቤት ተከራየች። እሱ በሄደበት አገር ቆርቆሮውን ሌላ ቤት ላይ ቢመታው፣ አሮጌው የምስማር ቀዳዳ ሁሉ ያፈስ ጀመር። ቀዳዳ በሬንጅ ሲደፍን ክረምቱ አለቀ ብለው ከዚያ የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። ቦታው ዛሬ ሣር በቅሎበታል፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ልጄ፣ እነዚያን ሰዎች ጥላቻ አላፈረሳቸውም። የሚጠላ ሰው መሰላል አይይዝም። ያፈረሳቸው፣ ማን ይቀራል፣ የሚወጣውስ ምን ይዞ ይወጣል የሚለውን ነገር በሳቅ ማለፋቸው ነው። የእናንተም እንዲሁ ነው። አብራችሁ የምትገዙት ቤት ጣራና ግድግዳ ማለት ነው፤ ለየብቻ ሲሆን ለማንም ቤት አይሆንም። አሁን ስትዋደዱ ሰው ባለበት ተነጋገሩና ጻፉት፤ የተቀየመ ሰው ማካፈል አያውቅም። ቅር ይለዋል ብለሽ ፈርተሻል። ቅር ካለውማ፣ ቤቱን ሳትገዢ ሰውየውን አወቅሽው።