ወሰን ላይ ያረፈው ቃሬዛ

አንድ የጥንት የተራራ መንገድ ነበረ። ከላይኛው አገር ወደ ታችኛው አገር የሚያወርድ ሌላ መንገድ የለም። ድንጋዩን በደቦ የደረደሩት የሁለቱም አገር አያቶች ናቸው፤ ንጉሥ የሚባል አንዲት ጠጠር አላቀበለም። ኋላ ግን ሁለት ነገሥታት «ተራራው የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» ተባብለው ተጣሉና መንገዱን መሐል ለመሐል በገመድ ከፈሉት፤ ወዲህም ወዲያም ዘበኛ አቆሙ። ግማሽ መንገድ ምን እንደሚሠራላቸው እነሱ ያውቃሉ!

ከታችኛው አገር ተወልዳ ላይኛው አገር ተድራ የኖረች አንዲት አሮጊት ሞተች። «አጽሜ ከአባቴ አጽም ጎን ይረፍ» ብላ ተናዝዛለች። በልማዳቸው እንዲህ ያለውን ሬሳ የላይኞቹ እስከ ተራራው ወገብ ያደርሱታል፣ ከዚያ የታችኞቹ ይቀበሏቸዋል። አንዴ ከቤት የወጣ ሬሳም ተመልሶ ቤት አይገባም። ልጇ ዘርፌ ከተሸካሚዎቹ ጋር ገመዱ ዘንድ ስትደርስ የታችኞቹ በወዲያ በኩል ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ተመለሱ! ወሰን ነው» አለ የላይኛው አገር ዘበኞች አለቃ።

«ሬሳ ይመለሳል እንዴ ጌታዬ? እርስዎ እናት አልቀበሩም?»

«ትእዛዝ ነው አልኩሽ!»

ዘርፌ ደሟ ፈላ። ቃሬዛውን ከተሸካሚዎቹ ትከሻ አስወርዳ ገመዱ ሥር፣ ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ አሳረፈችው።

«ወሰናችሁ እውነት ከሆነ እናቴንም እዚሁ ቁረጧት! ራሷን ለዚያ ንጉሥ፣ እግሯን ለዚህ ንጉሥ ውሰዱላቸው። እኔ እንደሆን ንቅንቅ አልልም!»

በዚያ ተራራ ቃሬዛ አይቶ ትከሻውን የነፈገ ሰው ከሰው አይቆጠርም፣ ዘበኞቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ከታች በኩል የቆመው ዘበኛ ጦሩን ጥሎ ቃሬዛውን ሊሸከም ጎንበስ አለ። የላይኛውም ተከተለው።

አለቃው ብቻውን ቀረ። «ንጉሡ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለ።

«እናቷን ልትቀብር አለፈች ይበሏቸው። ካልበቃቸው እኔን ይጥሩኝ፣ ቤቴ አይጠፋቸውም።»

አለቃው በገዛ እጁ ገመዱን በጠሰው። አሮጊቷም ከአባቷ ጎን ተቀበረች።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ይሁን፣ ማንም አልከሰሰም! ግን ክፉ ትእዛዝ በራሱ እግር የለውም፤ የሚቆመው እኛው ደግፈን ስናቆመው ነው። እስቲ አንተም ራስህን ጠይቅ፦ «ታዝዤ ነው» እያልክ ስንቱን ሐዘንተኛ ከመንገድ መልሰሃል?