ሳይታዘዝ የተነፋው ጥሩምባ

ተረቴ በታንኳ ደረሰች፤ ጆሮ ያለው ገመዷን ይያዝላት።

ከሐይቅ ዳር አንጓች የምትባል እናት ነበረች። ልጇን ይታይሽን ትኩሳት ያዛት። ጡት እንቢ አለች፤ ማልቀስም ተወች። ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው። አንጓች የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ መሻገር።

ልጇን አዝላ ወደ ታንኳ ቀዛፊው ወደ አያ ደምስ ሄደች።

"አያ ደምስ፣ አሻግረኝ።"

"በምን በኩል አንቺዬ? እምቦጩ የታንኳውን መንገድ ዘግቶታል። አልሄድም።"

ውኃው ላይ የተንጣለለውን አረም፣ እምቦጩን ለመነችው። "እባክህ ልቀቅ። ታንኳው አልሄድም አለ፤ ልጄ እየነደደች ነው።"

"ተመችቶኝ ተኝቻለሁ" አለ እምቦጩ። "ማጭድ ሳላይ አልለቅም።"

ወደ ማጭዱ ሄደች። "እምቦጩን ቁረጥልኝ። እምቦጩ አልለቅም አለ፤ ታንኳው አልሄድም አለ፤ ልጄ እየነደደች ነው።"

"እግር አለኝ እንዴ?" አለ ማጭዱ። "እጅ ካልያዘኝ ከተሰቀልሁበት አልወርድም።"

እጅ ያላቸው የውኃ መንገድ ማኅበርተኞች ናቸው። ለነፍሳቸው ብለው፣ ያለ ዋጋ፣ ለቀዛፊውም ለመንገደኛውም ውኃውን ይጠርጋሉ። ደግነታቸውስ ደግነት ነበር። ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ማጭዱን ያዙልኝ። ማጭዱ አልወርድም አለ፤ እምቦጩ አልለቅም አለ፤ ታንኳው አልሄድም አለ፤ ልጄ እየነደደች ነው።"

"ብቻውን የገባውን ረግረጉ ይውጠዋል፤ ታውቂያለሽ" አሏት። "የምንገባው ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሁላችን ባንድ ላይ ነው። ሳይነፋ አንነሣም።"

"ሁላችሁም እዚሁ አይደላችሁም ወይ?"

"ነን። ጥሩምባው ግን አልተነፋም።"

ወደ ጥሩምባ ጠባቂው ወደ አያ ምንይችል ሮጠች። "ጥሩምባውን ንፋልኝ። ማኅበርተኞቹ አንነሣም አሉ፤ ማጭዱ አልወርድም አለ፤ እምቦጩ አልለቅም አለ፤ ታንኳው አልሄድም አለ፤ ልጄ እየነደደች ነው።"

"የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳያዙኝ? አልነፋም።"

"የት ናቸው?"

"ከማዶ።"

"እሳቸውን ማን ይጥራልኝ?"

አያ ምንይችል አሰብ አደረገ። "ታንኳ ላኪባቸው።"

 አንጓች ላይ ድካሙም ንዴቱም ባንዴ መጣባት።

"አያ ምንይችል፣ አንተ ራስህ ስማው። እምቦጩ ካልለቀቀ ታንኳው አይሄድም፤ ማጭዱ ካልወረደ እምቦጩ አይለቅም፤ ማኅበርተኞቹ ካልተነሡ ማጭዱ አይወርድም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ማኅበርተኞቹ አይነሡም፤ ሊቀ መንበሩ ካላዘዙ ጥሩምባው አይነፋም፤ ታንኳው ካልሄደ ሊቀ መንበሩ አይመጡም። በዚህ መሃል ልጄ ልትሞትብኝ ነው።"

"ደንብ ነዋ" አለ።

ጥሩምባውን ከግድግዳው ላይ መንጭቃ ወጣች። "ኧረ ሴት አትነፋውም" እያለ ተከተላት።

"እንግዲያው ሲያቅተኝ ቁመህ እይ።"

መጀመሪያ ፉስ አለባት። ደግማ ከሆዷ ስባ ነፋችው፤ ጥሩምባው አገሳ። ከጀርባዋ ይታይሽ ደንግጣ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እናቲቱ ያን ለቅሶ ስትሰማ ጉልበቷ ተመለሰ።

ይኼኔ ጥሩምባው ተነፋ፤ ማኅበርተኞቹ ተነሡ፤ ማጭዱ ወረደ፤ እምቦጩ ለቀቀ፤ ታንኳው ሄደ፤ አንጓች ተሻገረች።

ከማዶ ሊቀ መንበሩ አባ ቢምረው ዳር ላይ ቆመው ጠበቋት። "ማን አዝዞ ነው የተነፋ? እኔ እኮ ተሻግሬ ላዝ ታንኳ እየጠበቅሁ ነው።"

"ይሻገሩና ይዘዙ እንግዲህ አባ። ሥራው አልቋል" አለችና አልፋቸው ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰች።

ይታይሽ መድኃኒቷን ዋጠች። ትኩሳቱ በረደላት፤ ጡቷንም ያዘች።

ያ ጥሩምባ አሁን ከአያ ምንይችል ግድግዳ ወርዶ ታንኳው ከሚታሰርበት ዋርካ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጅ ያዘለች እናት እጇን ብትዘረጋ በሚደርስላት ቁመት።

ተረቴ ተሻገረች፤ ገመዷን ልቀቁላት።