ሠላሳ ክንድ መንገድ

ቀኑን የጻፈ የለም፥ ዓመቱን የቆጠረ የለም፤ አባቶቻችን ግን ነገሩን ከነቦታው አቆይተውልናል። እናንተም ልጆቼ፥ ቀረብ ብላችሁ ስሙ።

ከደመና በላይ በምትገኝ አንዲት አምባ አሥራ ሦስት ቤት ሰው ይኖር ነበር። አምባይቱ ጠባብ ናት፤ በአንድ ወገን ተራራ፥ በአንድ ወገን ገደል። ቤቶቹ በአንዲት መንገድ ዳር እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። በላይኛው ጫፍ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ በታችኛው ጫፍ የአምባው ሹም የባላምባራስ ይመኑ ቤት አለ። ከዚያች መንገድ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ዝናቡ በረዶ ይሆናል፤ ሳይቀልጥ ይቆያል፥ እስከ ጉልበትም ይደርሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሥርዓት ሠሩ። ባለቤት ሁሉ መከር ሲገባ አንድ ቁና ገብስ ለአምባው ጎተራ ይሰጣል። ከዚያ ገብስ የሚበሉ ሦስት ጠራጊዎች፥ በረዶ በጣለ ቁጥር፥ እህል በሚያዘሩበት ላይዳ መንገዱን ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ባላምባራስ ደጅ ይጠርጋሉ። ቁናውን ያልሰጠ ግን በደጁ ያለውን መንገድ ራሱ ይጠርጋል፤ ላይዳም አይዋስም። የሚጠርግለት ሰው ቢገኝ የተጠራቀመው ዕዳ በዚያ ሰው ላይ ይዞራል። ሥርዓቱ ይህ ነበር፤ ሲሠሩትም ክፉ አላሰቡም።

በመንገዱ መካከል ባንቺአምላክ የምትባል ሴት ከባልዋ ከውቤ ጋር ትኖር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። በሬ አልነበራቸውም። በደጃቸው ያለው መንገድ ሠላሳ ክንድ ነበር።

አንድ ዓመት ውርጭ ገብሱን መታው። ውቤም ደረቱን ታመመ፤ ከአጥሚት በቀር በጉሮሮው የሚወርድለት ጠፋ። ባንቺአምላክ የተረፋትን ገብስ ብትሰፍረው አንድ ቁና ሆነ። ቁናውን ቁጭ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሣች፤ ቆላችው፥ ፈጨችው፥ ለባልዋ አጠጣችው።

ክረምት ገባ፤ በረዶው ወረደ። ጠራጊዎቹ እየጠረጉ መጡ። ከደጅዋ ሲደርሱ ላይዳቸውን በትከሻቸው አኖሩ፥ ሠላሳውን ክንድ ተራምደው አለፉ፥ ከማዶ እንደገና መጥረግ ጀመሩ። ከእነርሱም ጌጡ የሚባለው ቀልደኛ፥ “እግራችሁን ከፍ አድርጉ፤ ይህ መንገድ ቁናውን በልቶ ጠግቦ ተኝቷል” አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ባንቺአምላክ ሳቁን ከውስጥ ሰማች። ውቤ እንዳይሰማ በሩን ገጠም አደረገችው። ገበቴ ይዛ ወጣች፤ በረዶውን እየዛቀች ወደ ገደሉ ደፋች። ጾመ ፍልሰታ ነበርና ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ እስከ ቀትር ጨረሰች። ከታች ያሉት ባለቤቶች ሁሉ በጠረገችው መንገድ ወደ ቅዳሴ ወጡ፤ በጠረገችው መንገድ ተመለሱ። ባላምባራስም አለፉ። የሚያመሰግናት አልነበረም፤ እርስዋም ምስጋና አልጠበቀችም። በረዶ በጣለ ቁጥር እንዲሁ ሆነ።

ሁለተኛው መከርም የሁለት ዓመት ቁና የሚሞላ አልሆነም። በነሐሴ ውቤ ዐረፈ። ሬሳው ተገንዞ በአልጋው ሳለ በረዶ ወረደ። ጠራጊዎቹ መጡ፤ ላይዳቸውን በትከሻቸው አኖሩ፥ ሠላሳውን ክንድ ተራምደው አለፉ።

ልቅሶ ደራሹ ከላይም ከታችም መጣ። ከሁለቱም ወገን የባንቺአምላክ ድርሻ ከሚጀምርበት ላይ ቆመ፤ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው፥ ገደል በአጠገቡ እያለ፥ በጉልበት በረዶ ሊሄድ አይችልምና። ከጎረቤቶቿ ዘመዱ የሚባለው ከአንዱ ጠራጊ እጅ ላይዳ ተቀበለ። ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ “ዘመዱ፥ ሁለት ቁና ነው። ትችላለህ?” አሉት። ዘመዱ አምስት ልጆች ነበሩት። ላይዳውን መለሰ።

ባንቺአምላክ በሬሳው ራስጌ ተቀምጣ ልቅሶው እስኪገባ ትጠብቅ ነበር። ልቅሶው አልገባም፤ በሁለት ወገን ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ምን እንደ ሆነ ገባት። ተነሥታ ነጠላዋን በወገቧ አሰረች፥ ገበቴዋን ያዘች፥ ወጣች። ሕዝቡ እያየ ዛቀች። ገበቴው ከድንጋዩ ሲጋጭ ይሰማ ነበር። በጨረሰች ጊዜ ጣቶቿ ከገበቴው አልላቀቅ አሉ፤ አንዲት ሴት መጥታ አንድ በአንድ አላቀቀችላት። ባንቺአምላክም ወደ ካህኑ ወደ ቄስ ሞገስ ዞረች።

“አባቶቼ፥ መንገዱ ተጠርጓል። ባሌን አንሡልኝ።”

አነሡት። ፍትሐቱም ደረሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን የቀኝ እጅዋ ሦስት ጣቶች ጠቆሩ፤ ዳግመኛም አልታጠፉም።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ያላየው በረዶ ወረደ፤ ከሰው ደረት ደረሰ። ጠራጊዎቹ እየጠረጉ ከደጅዋ ደረሱ። ዘንድሮ ተራምዶ ማለፍ አልተቻለም። “ባንቺ ታወጣዋለች፤ ለምዳዋለች” ተባባሉና ተመለሱ። ከታች ያሉት ስድስት ቤቶች ተዘጉ፤ ሁሉም ባንቺ ታወጣዋለች ብሎ ጠበቀ። አንድ ቀን አለፈ። እርስዋ በንዳድ ተይዛ ተኝታ ነበር፤ የጠየቃት አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን የባላምባራስ እናት እመት ድንቅነሽ ለሞት ተቃረቡ፤ ንስሐ አባታቸውን ጠሩ። ጥሪው ከደጅ ወደ ደጅ እየተላለፈ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ፤ ከሠላሳው ክንድ ሲደርሱ በረዶው እንደ ግንብ ቆሞ አገኙት። ባላምባራስም ከቤተሰባቸው ጋር ከታች እየቆፈሩ ወጥተው ከማዶ ደረሱ። ቄሱ ጠራጊዎቹን ጥረጉ አሏቸው። ጌጡም አሁን ሳይስቅ፥ “ዕዳው ሦስት ቁና ነው፥ አባ። ማን ይውሰደው?” አለ።

ባላምባራስ ከማዶ ሰሙ። ያ ለዘመዱ የተናገሩት የራሳቸው ቃል ነበር። በእኔ ላይ ይዙር ብለው በባዶ እጃቸው በረዶውን ይጭሩ ጀመር። ከላይ ያሉትም ላይዳቸውን አነሡ።

ባንቺአምላክ በንዳዷ ውስጥ ሳለች፥ እመት ድንቅነሽ ያለ ካህን ሊሞቱ ነው ሲባል ሰማች። የዚያን ቀን በደጅዋ ቆሞ የቀረው ልቅሶ ትዝ አላት። እየዳኸች ወጣች። ከላይና ከታች የሚቆፍሩት በመካከል ሲገናኙ፥ እርስዋን በግራ እጅዋ ስትዝቅ አገኟት።

ባላምባራስ፥ “ባንቺ፥ ተይው፤ ዕዳው የእኔ ነው” አሏት።

“እመት ድንቅነሽ ቁና የለባቸውም” አለች። “ቄሱ ይለፉ።”

ጀርባዋንም ለተራራው ሰጥታ መንገድ ለቀቀች። ቄሱ አለፉ። እመት ድንቅነሽ ንስሐቸውን ተናገሩ፤ በሰላምም ዐረፉ። ባላምባራስ ዓይናቸውን ሳያብሱ ወደ ባንቺአምላክ ተመለሱ። እንደ ቆመች አገኟት፤ ጀርባዋ በተራራው ላይ ነው፥ ሰው እንደምታሳልፍ ሆና። ነፍሷ ግን አልነበረችም። ከባልዋ አጠገብ ቀበሯት።

ዛሬ በዚያ ቦታ ቤት የለም፤ አጥሩም ፈርሷል። በረዶ በጣለ ጊዜ ግን ጥርጊያው ከቤተ ክርስቲያኑ አይጀመርም፥ ከሹም ደጅም አይጀመርም፤ ከዚያ ሠላሳ ክንድ ይጀመራል፤ የመጀመሪያውንም የባላምባራስ ዘር የሆነ በእጁ ይዝቃል። ቁናው ዛሬም ይሰበሰባል፤ በሽተኛ በተኛበት ቤት ግን ቁና ይዞ የሚገባ የለም። በዚያ ሠላሳ ክንድ ላይ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ፥ ሹም ይሁን ድኃ፥ አንዱ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ “ይለፉ” ይላል። የሚያልፈውም “ነፍሷን ይማር” ብሎ ያልፋል። በበጋም፥ መንገዱ ደረቅና ሰፊ ሳለ፥ እንዲሁ ያደርጋሉ።