ሰማያዊ ክር ያለበት ዛጎል

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ፤ ተረቴ አጭር ናት፣ ትንሽም ጨው ጨው ትላለች።

በአንድ የባሕር ዳርቻ ሰዓዳ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሑመድ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ባሕሩ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ላይ እያረባ ይኖራል። አማቷ እማማ ራቢያ ታመው እህል አልቀምስ ካሉ ሰንብተዋል። አንድ ቀን ግን ንጹሕ ዛጎል ቢገኝ እቀምስ ነበር አሉ። ሰዓዳ ጥርስ ያበቀለች ልጇን አዝላ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ዛጎሉን ብትከፍተው ሥጋው ውስጥ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክር ተሰግስጓል።

ዛጎል፣ ክሩን ትፋ፤ እናቴ ይቅመሱ አለችው። ዛጎሉ ውሃው ካልጠራ አልተፋም አለ፤ የሚጠጣው እሱን ነዋ።

ወደ ውሃው ሄደች። ውሃ፣ ጥራ፤ ዛጎል ክሩን ይትፋ፤ እናቴ ይቅመሱ። ውሃው ገመዱ መበጣጠሱን ካልተወ አልጠራም አለ።

ወደ ገመዱ ሄደች። ገመድ፣ መበጣጠስህን ተው፤ ውሃ ይጥራ፤ ዛጎል ክሩን ይትፋ፤ እናቴ ይቅመሱ። ገመዱ እንደ አሮጌ ሰሌን ብትንትኑ ወጥቷል። ፀሐይ አድርቃኝ ማዕበል ይሰባብረኛል፤ እሷ ካልተወችኝ አልተውም አለ።

ወደ ፀሐይ አንጋጠጠች። ፀሐይ፣ ገመዱን ተይው፤ ገመድ መበጣጠሱን ይተው፤ ውሃ ይጥራ፤ ዛጎል ክሩን ይትፋ፤ እናቴ ይቅመሱ። ፀሐይ ሳቀችባት። መውጣትና መግባት ሥራዬ ነው፤ ሑመድ ፈትቶ ጥላ ካላስገባው አልተወውም አለች።

ወደ ባሏ ሮጠች። ሑመድ፣ ገመዱን ፍታ፤ ፀሐይ ትተወው፤ ገመድ መበጣጠሱን ይተው፤ ውሃ ይጥራ፤ ዛጎል ክሩን ይትፋ፤ እናትህ ይቅመሱ። ሑመድ አንገቱን ደፋ። በዚያ አገር አባት ያሰረውን ልጅ አይፈታም፤ የሙት እጅ ባሕር ላይ የሚቀረው በቋጠሮው ነው ይላሉ። ያንን ገመድ ያሰሩት ሟቹ አባቱ ናቸው። ሳይርቅ በቅርቡ የሚል ሰው ጠፍቶ፣ ገመዱ ሁሉም እያየው አረጀ።

«እናቴ ፍታው ካላሉኝ አልፈታም» አላት።

ዞራ ዞራ የደረሰችው ከተነሣችበት ደጃፍ ነው፤ ጉድ በሉ። እማማ ራቢያ ሰምተው አለቀሱ፤ ባላቸውን ሁለተኛ መቅበር ሆነባቸው። ከዚያ ፍታው አሉ።

ሑመድ ገመዱን ፈታ። ፀሐይ ገመዱን ተወች። ገመዱ መበጣጠሱን ተወ። ውሃው ጠራ፤ ላዩ ብቻ ነው፣ ታቹ እስኪጠራስ የልጅ ልጅ ዕድሜም አይበቃው። ዛጎሉ ክሩን ተፋ፣ ተፋ፣ ተፋና አንዲት ቀጭን ክር ቀረች። ይህቺ ከሥጋዬ ጋር አድጋለች፤ እሷን ከተፋሁ እኔም የለሁ አለ። ሌላውም ዛጎል እንደዚያው ነበር።

ሰዓዳ ተስፋ ቆረጠች። አማቷ ደግሞ ቀን በቀን ይመነምናሉ። ዛጎሉን ከነክሩ ቀቅላ አቀረበችላቸው።

«ንጹሕ ነው ልጄ?»

«ንጹሕ ነው እናቴ።»

የእማማ ራቢያ ፊት በራ። ግን ትልቅ ሰው ብቻውን አይበላም፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሰዓዳ ጀርባ ላይ ላለችው ልጅ ዘረጉላት። የትልቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም። ልጅቱ አፏን ከፈተች። ሰዓዳ ጉርሻው ውስጥ ሰማያዊዋን ክር አየቻት፤ ንጹሕ ነው ብላለችና መናገር አልቻለችም።